ሴሬትሴ ካማ፦ የጎሳቸውን አልማዝ ለአገር የሰጡት መሪ

ሴሬትሴ ካማ እ.ኤ.አ. በ1921 በዛሬዋ ቦትስዋና፣ ሴሮዌ በምትባል ከተማ ተወለዱ። አያታቸውና አባታቸው ተጣልተው ኖረው ታርቀው ስለነበር ለሕፃኑ ይህን ስም አወጡ። ሴሬትሴ በአገሩ ቋንቋ የሚያጣብቅ ጭቃ ማለት ነው።

አባታቸው ሲሞቱ ገና የአራት ዓመት ልጅ ነበሩ። የባማንጓቶ ጎሳ ንጉሥ ተብለው ተሰየሙ፤ አጎታቸው ጸኬዲ ደግሞ እንደራሴ ሆነው ጎሳውን እያስተዳደሩ አሳደጓቸው። በደቡብ አፍሪካ ተማሩ፤ ከዚያም ሕግ ለማጥናት ወደ እንግሊዝ ሄዱ። በ1947 ለንደን ውስጥ ሩት ዊሊያምስ ከምትባል በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ከምትሠራ ነጭ ልጅ ጋር ተዋወቁ፤ በዓመቱም ተጋቡ።

አጎትየው ተቆጡ። ንጉሥ ሕዝቡን ሳያማክር ሚስት ያገባል ወይ ነው ነገሩ። ሴሬትሴም ተጠርተው በኮትላ ቀረቡ። ኮትላ ማለት ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚመክርበት አደባባይ ነው፤ በእኛ አገር ዛፍ ሥር እንደሚቀመጠው ሸንጎ። በመጀመሪያ ብዙዎቹ ጋብቻውን ተቃወሙ። በ1949 በተደረገው ስብሰባ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ወንዶች ብድግ ብለው ሴሬትሴን ከነሚስታቸው ተቀበሉ።

ሕዝቡ የፈታውን ነገር እንግሊዞች መልሰው ቋጠሩት። ጎረቤት ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭን በሕግ ለይታ መግዛት ጀምራ ነበርና የአንድ ጥቁር ንጉሥና የነጭ ሴት ትዳር በድንበሯ ላይ እንዲታይ አልፈለገችም። እንግሊዝ ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ወርቅና ዩራኒየም ያስፈልጋት ነበር። በ1950 ሴሬትሴን ለውይይት ብላ ለንደን ጠራቻቸውና ወደ አገራቸው እንዳይመለሱ ከለከለቻቸው። በሰው አገር ከርሰ ምድር ያለ ማዕድን ዙፋናቸውን አሳጣቸው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። የተመለሱት በ1956፣ ንግሥናውን ከተዉ በኋላ፣ እንደ ማንኛውም ተራ ሰው ነው።

ከብት ማርባት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ከዚያ ወደ ፖለቲካ ገቡና ከእነ ኬቱሚሌ ማሲሬ ጋር ፓርቲ አቋቋሙ። ፓርቲው በ1965 ምርጫውን አሸነፈ፤ መስከረም 30 ቀን 1966 አገሪቱ ነጻ ስትወጣም ፕሬዚዳንት ሆኑ። የተረከቡት ምን ነበር? ድርቅ ከብቱን ፈጅቶታል፣ ብዙ ሕዝብ የእርዳታ እህል ይጠብቃል፣ በመላው አገር ያለው አስፋልት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ እንኳ ያለ እንግሊዝ ድጎማ አይከፈልም ነበር።

እዚህ ላይ ነው የሰውየው ትልቅነት የሚታየው። በዚያ አገር መሬት የየጎሳው ነበር፤ ማዕድን ፈላጊ ኩባንያም የሚዋዋለው ከጎሳው አለቃ ጋር ነው። ባማንጓቶዎች ራሳቸው በ1959 መዳብ ለሚፈልግ ኩባንያ ፈቃድ ሰጥተው ነበር። ሴሬትሴና ጓደኞቻቸው ግን ከነጻነት በፊት ጀምረው ማዕድን የመላው አገር ይሁን ይሉ ነበር። በኮንጎ ማዕድን ያለበት የካታንጋ ክፍለ ሀገር በ1960 ልገንጠል ብሎ ያ ሁሉ ደም ፈስሷል። ሴሬትሴ የየጎሳውን አለቆች አግባብተው በ1967 የማዕድን መብት ወደ መንግሥት የሚዛወርበት ሕግ ወጣ።

በዚያው በ1967 ኦራፓ በተባለ ቦታ አልማዝ ተገኘ። ቦታው የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የባማንጓቶ፣ የራሳቸው የሴሬትሴ ጎሳ መሬት! ሕጉ ባይኖር ያ ሁሉ ሀብት የዘመዶቻቸው በሆነ ነበር። እርሳቸው ግን ከሌላው ጎሳ ከመውሰድ በፊት ከራሳቸው ቤት ጀመሩ፤ ሌሎቹ ጎሳዎች ያመኗቸውም በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ማዕድኑ በ1971 ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ መንግሥት ከደ ቢርስ ኩባንያ ጋር የያዘው ድርሻ 15 በመቶ ብቻ ነበር። ሀብቱ ምን ያህል እንደሆነ ሲታወቅ ግን ኩባንያውን መልሰው ለድርድር ጠሩት። ማዕድኑን አልወረሱም፣ ባለሙያዎቹንም አላባረሩም፤ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በ1975 ድርሻውን 50 በመቶ አደረሱት፤ ግብሩ ከዚህ ሌላ ነው። ገንዘቡ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ መንገድና የውሃ ጉድጓድ ሆነ። በ1976 የራሳቸውን ገንዘብ ሲያትሙ ፑላ አሉት፤ ዝናብ ማለት ነው፣ ሰው ሲመርቅም ፑላ ይላል።

ሁሉም እኩል ተጠቀመ ማለት ግን አይደለም። በ1975 የወጣው የግጦሽ መሬት መመሪያ የጠቀመው ይበልጡን ብዙ ከብት ያላቸውን ነው። አድነውና ለቅመው ይኖሩ የነበሩት የሳን ሰዎች ዳር እንደቀሩ ናቸው።

ሴሬትሴ ካማ ሐምሌ 13 ቀን 1980 በካንሰር በሽታ በ59 ዓመታቸው አረፉ፤ የተቀበሩትም በሴሮዌ፣ በአባቶቻቸው መቃብር ነው። በአልማዙ ዋጋ ከኦራፓ የሚበልጠው የጅዋኔንግ ማዕድን የተከፈተው ከሞቱ ከሁለት ዓመት በኋላ በመሆኑ አላዩትም። ሩት ወደ እንግሊዝ አልተመለሱም። በቦትስዋና ኖረው በ2002 ሲሞቱ፣ ያ በመጀመሪያ አንቀበላቸውም ብሎ የነበረ ሕዝብ ከባለቤታቸው አጠገብ ቀበራቸው።