የወንድን ዘር አስቀድሞ ያየው የጨርቅ ነጋዴ

ላም ደጋግማ ተጠቅታ ሳትፀንስ ስትቀር ወደ ገበያ ትነዳለች፤ በትዳር ውስጥ ልጅ ሲዘገይም ጣት የሚቀሰረው አስቀድሞ ወደ ሴቷ ነው። ይህ በደብረ ኤልያስም ሆነ በቢቸናና በሞጣ ለሚኖር ገበሬና ከተሜ እንግዳ ነገር አይደለም። የወንዱን ድርሻ በዓይን አይቶ ለመመርመር መንገድ የከፈተው ግን የዩኒቨርሲቲ ደጅ ያልረገጠ የጨርቅ ነጋዴ ነበር።

አንቶኒ ቫን ሊውዌንሁክ እ.ኤ.አ በ1632 በሆላንድ ዴልፍት ከተማ ተወለደ። ቅርጫት ሠሪ የነበረውን አባቱን በልጅነቱ አጣ። በ16 ዓመቱ ወደ አምስተርዳም ሄዶ ከጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ሙያ ተማረ። እ.ኤ.አ በ1654 ወደ ዴልፍት ተመልሶ ትዳር መሠረተ፤ የራሱን ሱቅም ከፈተ። ከአምስት ልጆቹ ለአቅመ አዳም የደረሰችው ማሪያ ብቻ ነበረች።

የጨርቅ ነጋዴዎች የክርን ጥራት በማጉያ መስታወት ይመረምሩ ነበር። ሊውዌንሁክ ግን በዚያ አልረካም፤ ጥቃቅን ሌንሶችን በገዛ እጁ እየሠራ በብረት ዝርግ መካከል ያስገባ ጀመር። ከእነዚህ መሣሪያዎች እስከ ዛሬ ከቆዩት አንዱ 270 ጊዜ ገደማ ያጎላል። ላቲን ስለማያውቅ ያየውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እየጻፈ ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ላከ። በውኃ ውስጥ ስለሚኖሩ ረቂቅ ሕያዋን ሲጽፍ ብዙዎች ተጠራጠሩ፤ በኋላ ግን ማኅበሩ ራሱ አረጋገጠ።

እ.ኤ.አ በ1677 ዮሐን ሃም የተባለ ተማሪ ከአንድ ሕመምተኛ የተወሰደ ዘር አመጣለት። በውስጡ ጭራ ያላቸው ተንቀሳቃሾች ይታዩ ነበር። ሊውዌንሁክ የበሽታ ውጤት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ የጤነኛ ሰው ዘር፣ ማለትም የራሱን፣ መረመረ፤ እነዚያኑ አገኘ። ጉዳዩ የሚያሳፍር ስለነበር ናሙናው ከሕጋዊ ትዳሩ የተገኘ መሆኑን ገልጾ፣ ማተም አለማተሙን ለማኅበሩ ፈቃድ ተወ።

ሆኖም ልጅ የሚገኘው ከወንዱ ዘር ብቻ እንደሆነ፣ ሴቷም እንደ እርሻ መሬት መጋቢ ብቻ እንደሆነች አመነ። ይህ አስተሳሰብ በሳይንስ የታረመው እ.ኤ.አ በ1870ዎቹ የወንድ ዘርና የሴት እንቁላል ሲዋሐዱ በታየ ጊዜ ነው።

እርሱ ሊያየው ያልቻለው ደግሞ በዘሩ ሕዋስ ውስጥ የሚካሄደውን ሥራ ነው። በቆለጥ ውስጥ ዘር ሲበስል ዘረመሎች በየተራ ይከፈታሉ፤ በየተራም ይዘጋሉ። ሕዋሱ ለሁለት ተከፍሎ የአባቱን ውርስ በግማሽ ይይዛል፤ የሰው 46 ክሮሞዞሞች 23 ይሆናሉ። ከዚያም ውርሱ በጥብቅ ይታሸጋል፤ ከታሸገ በኋላ አዲስ የዘረመል ትእዛዝ አይወጣም። ስለዚህ ሕዋሱ፣ ክረምት ሳይገባ ጎተራውን እንደሚሞላ ገበሬ፣ ለኋላ የሚያስፈልገውን መልእክት አስቀድሞ ያከማቻል፤ ጭራውንና ራሱን የሚያበጀው ካከማቸው እየቆነጠረ ነው። ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱ ቢዛነፍ ዘሩ ይደክማል ወይም ይመክናል።

ይህ ሥራ በሰው 74 ቀን ገደማ፣ በኮርማ ደግሞ ሁለት ወር ያህል ይፈጃል። ሙቀት ስለሚጎዳውም ቆለጥ ከሰውነት ውጭ ተንጠልጥሎ ይቀዘቅዛል። በዚህም ምክንያት በትኩሳት የታመመ ኮርማ ከዳነ በኋላ እንኳ ለሳምንታት ደካማ ዘር ሊሰጥ ይችላል፤ ላሟን ከመውቀስ በፊት የኮርማውን ጤና መጠየቅ ተገቢ ነው። ልጅ ላጡ ባልና ሚስትም ምርመራው ለሁለቱም ሊሆን ይገባል፤ የችግሩ መነሻ ከወንዱ ወገን የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለምና።

ሊውዌንሁክ እ.ኤ.አ በ1723 በ90 ዓመቱ አረፈ። 26 የብር ማጉያ መሣሪያዎቹንም ለለንደኑ ማኅበር አወረሰ። ዛሬ የሰው ሠራሽ ማዳቀል ባለሙያ የኮርማ ዘር ለላም ከመዋሉ በፊት እንቅስቃሴውን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ የሚሠራው ያ የጨርቅ ነጋዴ የጀመረውን ነው።