ሥር የያዘ መናገሻ፦ ዳግማዊ ምኒልክና የባሕር ዛፍ ተከላ

የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የሕይወት ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው ከጦርነት፣ ከግዛት አንድነትና ከዲፕሎማሲ አንጻር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ያንኑ ሕይወት ከማገዶና ከዛፍ ተከላ አኳያ ይቃኛል። መከራከሪያውም፣ ሲዘዋወር የኖረው የሸዋ መናገሻ በአዲስ አበባ እንዲረጋ ካስቻሉት ምክንያቶች አንዱ፣ ግንዱ ሲቆረጥ ሥሩ የማይሞት ዛፍ መገኘቱ ነው የሚል ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በምትገኘው አንጎለላ ተወለዱ። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበርንና አንጎለላን እያፈራረቁ ይቀመጡባቸው ነበር። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ሸዋ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ገባ፤ ልጁም ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1857 ዓ.ም. ከዚያ አምልጠው የሸዋን ዙፋን ከያዙ በኋላ አንኮበርን፣ በደብረ ብርሃን አጠገብ ያለችውን ልቼን፣ ቀጥሎም እንጦጦን መቀመጫ አደረጉ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች፤ ምኒልክም በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ።

ለዝውውሩ የጦር ስልት፣ የንግድ መንገድና የአየር ጠባይ የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ሆኖም ቤተ መንግሥቱንና ሠራዊቱን ተከትሎ የሚሰፍረው ሕዝብ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ የሚፈጀው እንጨት በየስፍራው ደኑን ያመናምን ነበር። እንደ ጽድ ያሉት አገር በቀል ዛፎች ዝግ ብለው የሚያድጉ በመሆናቸው የተቆረጠው በቶሎ አይተካም። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በአዲስ ዓለም አዲስ መናገሻ መገንባት የተጀመረውም በዋናነት በእንጨት እጥረት ሳቢያ ነው።

ከአውስትራሊያ የመነጨው ባሕር ዛፍ ግን በ1887 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ከማስመጣቱ ጋር በተያያዘ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። ምኒልክም ተከላውን እንዳበረታቱና ዛፉ የተተከለበት መሬት ከግብር ነጻ እንዲሆን እንዳደረጉ የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል።

የዛፉ ብልጫ ከሥሩ ባሕርይ ይመነጫል። ከዘር የፈላው ችግኝ ክረምት ሲገባ ይተከላል፤ አፈሩ በሥሩ ዙሪያ በሚገባ ከተጠቀጠቀ ሥሩ ከእርጥበቱ ጋር ይገናኛል፣ ግንዱም በነፋስ አይነቃነቅም። ክፍተት ከቀረ ግን ቀጫጭኑ ሥር ይደርቃል። አንድ ጊዜ ከያዘ በኋላ ሥሩ ወደ ታችም ወደ ጎንም በፍጥነት ይሰዳል። ግንዱ ሲቆረጥ ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ አዲሱ ቀንበጥም የሚያድገው በተዘረጋ ሥር ላይ በመሆኑ ከችግኝ ይፈጥናል። ስለዚህ ከአንድ ተከላ በጥቂት ዓመታት ልዩነት ደጋግሞ እንጨት ይገኛል። ከብት ቅጠሉን አለመብላቱም ለጥበቃ አመቺ አድርጎታል።

የአዲስ ዓለም ዕቅድ በመጨረሻ ተተወ፤ ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በአዲስ አበባ የተሠሩት ሕንፃዎችና የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች መናገሻዋን ለማጽናት አስተዋጽኦ አድርገዋል፤ ባሕር ዛፉ ደግሞ የማገዶውን ጥያቄ መለሰ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ከተማዋ በባሕር ዛፍ የተከበበች ነበረች።

ያው ባሕርይ ዛሬ የክርክር ምንጭ ነው። ምኒልክ በተወለዱበት በሰሜን ሸዋ ደጋ ባሕር ዛፍ ለገበሬው ጥሬ ገንዘብ፣ ማገዶና የቤት መሥሪያ ነው። ነገር ግን ከማሳ ዳር ሲተከል ከሰብሉ ጋር ውኃና ማዳበሪያ ይሻማል፤ መሬቱን ወደ እርሻ መመለስ ሲያስፈልግም ጉቶውን መንቀል ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። መናገሻን ያረጋ ሥር የገበሬውን ምርጫ ሊያጠብ ይችላል ማለት ነው። ስለሆነም ዛፉን በጅምላ ከማወደስ ወይም ከመኰነን ይልቅ፣ የት፣ ከምን ርቀትና ለምን ዓላማ እንደሚተከል በአፈርና በውኃ ጥናት መለየቱ ይበልጥ ይጠቅማል።