ጆሮው የደከመው ሊቅ፦ ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ

በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የሚማር ጓደኛችን የፈጣን ሞገድ ጫፍ የሚይዝ ዑደት ነድፎ በኮምፒዩተር ሲሞክር፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያኖረው ዳዮድ ነው። የዚህን ዕቃ አባት ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ፍሌሚንግ በ1849 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በእንግሊዝ አገር በላንካስተር ከተማ ተወለደ። አባቱ ሰባኪ ነበረ። ገንዘብ ስላልነበረው አንዴ እየሠራ አንዴ እየተማረ ቆይቶ፥ በ1877 ካምብሪጅ ገባና የታላቁ ማክስዌል ተማሪ ሆነ። በ1885 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ፕሮፌሰር ተባለ። በዚያው ዘመን የኤዲሰን ኩባንያ አማካሪ ሳለ፥ በአምፑል ውስጥ ከጋለው ክር ወደ ሌላ ብረት ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚያልፍ መረመረ። ጥቅሙ ስላልታየ ግን አምፑሎቹ ለዓመታት ተቀመጡ።

ኋላም የማርኮኒ አማካሪ ሆኖ በ1901 ምልክቱ አትላንቲክን የተሻገረለትን የፖልዱ ማሠራጫ ነደፈ። ችግሩ መቀበሉ ላይ ነበረ። ሞገዱ በሰከንድ ብዙ ሺሕ ጊዜ ስለሚገለባበጥ፥ መለኪያውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እኩል ይገፋዋል፤ ስለዚህ መለኪያው ካለበት አይንቀሳቀስም። ሌሎች በማዳመጫ ይሰሙ ነበር፤ የፍሌሚንግ ጆሮ ግን ደክሟል። ስለዚህ በዓይኑ ሊያይ ፈለገ። በ1904 እነዚያ አሮጌ አምፑሎች ትዝ አሉት፤ አውጥቶ ቢሞክራቸው መለኪያው ተንቀሳቀሰ። ትግራይን አቋርጦ አሥመራንና አዲስ አበባን የሚያገናኘው የቴሌግራፍ ሽቦ የተዘረጋውም በዚያው ዘመን ነበረ።

ዛሬ ከዳዮዱ ቀጥለን ካፓሲተር ብናኖር የሞገዱን ጫፍ ይይዝልናል፤ ሬዚስተሩም ቀስ እያለ ያፈሰዋል። ሞገዱ እጅግ ሲፈጥን ግን ዳዮዱ ራሱ ይዘገያል፤ በውስጡ ያለው ጥቂት ካፓሲታንስም ምልክቱን በጓሮ በር ያሾልከዋል። ይህን ጉድለት በሞዴሉ ውስጥ ሳያስገባ የሚሞክር ተማሪ በኮምፒዩተሩ ላይ ያማረ መስመር ያያል፤ ሠርቶ ሲለካው ግን ያፍራል።

የፍሌሚንግ ዕድሜ በክብርም በክርክርም ያለፈ ነው። አሜሪካዊው ዲ ፎረስት በዕቃው ላይ ሦስተኛ ብረት ጨምሮ ማጉያ ስላደረገው፥ ሙግቱ ዓመታት ፈጀ። በ1929 የሰርነት ማዕረግ ቢያገኝም፥ በ1943 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፓተንት መብቱን ውድቅ አደረገበት። በ1945 በ95 ዓመቱ ዐረፈ።

ፍርድ ቤት ወረቀቱን ሊሽረው ቻለ፤ ሥራውን ግን አልቻለም። እኛም የከሸፈ ሙከራችንን ከመጣላችን በፊት፥ ሃያ ዓመት ያህል የተቀመጡትን እነዚያን አምፑሎች እናስብ።