ከተማን በዛፍ ያጸኑ ንጉሥ

ዛፍ ተቆርጦ ሲሞት ቤት ይቆማል፤ የተለመደው የቤት አሠራር ይህ ነው። በአውሮፓ ግን የአኻያን ዘንግ እርጥብ መሬት ላይ ተክለው፣ ሥር ሲሰድ እያጎነበሱና እያጠላለፉ ሕያው ዳስ ያደርጉታል። ጀርመናዊው አርቱር ቪሁላም እ.ኤ.አ. በ1926 ከሕያው ዛፍ ስለሚያድጉ ቤቶች መጽሐፍ አሳትሟል። በአገራችን ለዚህ አሳብ የሚቀርብ ሥራ የሠሩት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸውና ታሪካቸውን በዚህ በኩል እንመልከተው።

ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። በልጅነታቸው በአፄ ቴዎድሮስ ተይዘው መቅደላ አደጉ፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው በሸዋ ነገሡ። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ፤ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ድል አደረጉ። ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም።

ብዙ ያልተነገረለት ሌላ ትግላቸው ከእንጨት እጦት ጋር ነበር። በዚያ ዘመን ከተማ እንደ ድንኳን ነበር፤ በዙሪያው ያለው ደን ለቤትና ለማገዶ ሲያልቅ ቤተ መንግሥቱ ይነሣል፤ ሕዝቡም ይከተላል። የእንጦጦ ደን ሲመናመን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ከመነሣት ካዳኗት ነገሮች ዋናው በ1887 ዓ.ም. ገደማ በእርሳቸው ፈቃድ የገባው የአውስትራሊያ ባሕር ዛፍ ነው።

የባሕር ዛፍ ጥበቡ ከጉቶው ላይ ነው። ግንዱ ሲቆረጥ ሥሩ አይሞትም፤ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመታትም ለምሰሶ፣ ለማገርና ለወራጅ ይደርሳል። አባት ከቆረጠበት ጉቶ ልጅ ቤቱን ይሠራል። እንግዲህ ቤቱ ቆሞ ዛፉም በሕይወት አለ ማለት ነው።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ዛፉ ግን ከአዲስ አበባ ወጥቶ፣ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ እስካለችው እስከ ቡኢና እስከ ጉራጌ አገር ሁሉ ተስፋፋ። ገበሬው ለቤቱ ይቆርጠዋል፤ የተረፈውንም ይሸጠዋል።

ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጣል፤ አጠገቡ ያለውንም እህል ያቀጭጫል። ስለዚህ የንጉሡን ሥራ ማክበር ማለት ምንጭ ዳርና እርሻ መካከል ሳይቀር ባሕር ዛፍ መትከል አይደለም። እርሳቸው የዘመናቸውን ችግር አይተው ለችግሩ የሚሆን ዛፍ ፈለጉ። እኛም የተማርን ሰዎች ለምንጩ ዳር አኻያንና የአገሩን ዛፍ፣ ለተራቆተው ኮረብታ ባሕር ዛፍን ለይተን ብንተክል የእርሳቸውን ፈለግ ተከተልን ማለት ይህ ነው።