አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ፤ ሰባት ዓመት በወፍጮ ላይ

በዚህ ዓመታዊ መጽሔት የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ አገር ድረስ ይኬዳል። ዘንድሮ ግን ከደጃችን ሳንርቅ አንድ ሰው ልናነሣ ወደድን። በማሻም ሆነ በመካነ ሰላም የጋሥጫን ስም ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለንም። ድሮ የቦረና አውራጃ ይባል በነበረው ምድር የሚገኘው ይህ ገዳም የአባ ጊዮርጊስ ቦታ ነው። ሐምሌ 7 ቀን የሥላሴ በዓል ሲከበር የእርሱም ዕረፍት አብሮ ይታሰባል።

ስለ አባ ጊዮርጊስ ሁሉም የሚያወራው አንድ ነገር አለ። ይኸውም ትምህርት እምቢ ብሎት የነበረው ልጅ በእመቤታችን አማላጅነት ቅዱስ ዑራኤል ያመጣለትን ጽዋ ጠጥቶ ሊቅ መሆኑ ነው። ታሪኩ ያምራል፤ ልጆችም ይወዱታል። ታዲያ እኛን ሁልጊዜ የሚያስደንቀን ከጽዋው በፊት ያለው ነው። ጽዋው የአንድ ጊዜ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ግን ሰባት ዓመት ነው። ተራኪው ሰባቱን ዓመት በአንድ ትንፋሽ ዘሎ ወደ ጽዋው ይሮጣል። እኛ እስቲ በሚዘለለው ላይ ትንሽ እንቆይ።

ጊዮርጊስ የተወለደው በ1357 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን አገሩም ሰግላ ይባላል። ስለዚህ በአንዳንድ መጻሕፍት ዘጋሥጫ፣ በአንዳንዶቹ ደግሞ ዘሰግላ ተብሎ ይጠራል፤ ሰውየው ግን አንድ ነው። አባቱ ሕዝበ ጽዮን በንጉሡ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል፣ የተማረ ካህን ነበር። በዚያን ዘመን ነገሥታቱ በአንድ ከተማ የሚቀመጡ አልነበሩም፤ ድንኳናቸውን እየነቀሉ ከአገር ወደ አገር ይዞሩ ነበርና ካህናቱም አብረው ይጓዙ ነበር። እንግዲህ የእንዲህ ያለ ሰው ልጅ የአባቱን ፈለግ ተከትሎ ሊቅ ይሆናል ተብሎ ቢጠበቅ አያስደንቅም። ልጁ ለትምህርት ሲደርስ አባቱ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሰጠው።

ሐይቅ በዚያን ጊዜ እንዲሁ አንድ ገዳም ብቻ አልነበረም። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ቦታ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ካቀናው ጀምሮ የአገሪቱ ዋና የትምህርት ቤት ሆኖ ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ተምረዋል። የገዳሙም አለቃ ዐቃቤ ሰዓት እየተባለ በንጉሡ ዘንድ ትልቅ ሥልጣን ነበረው። ከቦረና እስከዚያ ድረስ በእግር የብዙ ቀን መንገድ ነው። ልጁን ወደዚያ የላከ ቤተሰብ ትልቅ ተስፋ አድርጎ ነው የሚልከው።

ትምህርቱ ግን እምቢ አለ። ጓደኞቹ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው ወደ ዜማውና ወደ መጻሕፍቱ ሲያልፉ እርሱ እዚያው ቀረ። አንድ ሁለት ዓመት ቢሆን ልጅ ነው ይባላል፤ ሰባት ዓመት ግን ቀልድ አይደለም። መምህሩም በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ልጁን ለአባቱ ሊመልሰው እንደሞከረ ይነገራል። አባትየው ግን አልተቀበለም። ልጁ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ስለሆነ ባይማር እንኳ ገዳሙን እያገለገለ ይኑር ብሎ መለሰ። መቼም የአባ ጊዮርጊስ ታሪክ ሲነሣ ስለዚህ አባት የሚናገር ጥቂት ነው። በእኛ አስተያየት ግን ሕዝበ ጽዮን የሚደነቅ ሰው ነው፤ የተማረ ሰው ሆኖ ልጁ ባለመማሩ አላፈረበትም።

ልጁም ማገልገሉን ቀጠለ። ያገለገለውም እህል በመፍጨት ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አትገባበትም፤ ስለዚህ በየቤቱ የእናቶቻችን የነበረው ሥራ በዚያ የወንዱ ነበር። ወፍጮ ምን ማለት እንደሆነ ለወጣቶቻችን ማስረዳት ያስፈልግ ይሆናል። የናፍጣ ወፍጮ በየሰፈሩ ከመግባቱ በፊት የነበሩት እናቶቻችን ግን ያውቁታል፤ ተንበርክኮ መጁን ወደፊት መግፋት፣ ወደኋላ መሳብ፣ ደግሞ መግፋት ነው። ወገብ ይቆርጣል፣ መዳፍ ይልጣል። ጧት የፈጩት ማታ ይበላል፤ በማግሥቱ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ሌሎቹ ልጆች በቃላቸው ሲወጡ እርሱ ከዱቄት ጋር ነው። ይናቅም ነበር።

አንድ ነገር ልብ እንበል። እኛ ሰባት ዓመት ብለን የምንቆጥረው መጨረሻውን ስለምናውቅ ነው። እርሱ በሦስተኛው ዓመት ላይ ሳለ አራት ዓመት እንደቀረው የነገረው የለም። ደግሞም ሊመጣ ያለ ነገር መኖሩን እንኳ አላወቀም። የእግዚአብሔር ጊዜ ከውጭ ሲያዩትና ከውስጥ ሲኖሩበት አንድ አይደለም። ከውስጥ ሲኖሩበት ወፍጮ ብቻ ነው የሚታየው። ጊዮርጊስ በዚያ ጊዜ ያደረገው ሁለት ነገር ነው፤ የተሰጠውን እህል ይፈጭ ነበር፤ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ ይለምን ነበር። አልኮበለለም። እጁን አጣጥፎም አልተቀመጠም።

ይህን ስንጽፍ በየቤታችን ያሉት ልጆች ትዝ ይሉናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በ2015 ዓ.ም. ሲገለጽ በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የሚቀጥለውም ዓመት ከዚህ አልተሻለም። በክልላችን ደግሞ ጦርነቱ የብዙ ትምህርት ቤቶችን በር ዘጋ። ሳይማር የዋለው፣ ተምሮም የወደቀው ልጅ ዛሬ ቤት ነው ያለው፤ አንዳንዱም ከወላጁ ፊት መብላት እስኪያፍር ደርሷል። ለእነዚህ ልጆች ጽዋው ይመጣል ብለን ቃል ልንገባ አንችልም፤ ያ የእኛ ሥልጣን አይደለም። ሕዝበ ጽዮን ያደረገውን ግን ማድረግ ከአቅማችን በላይ አይሆንም።

ከሰባተኛው ዓመት በኋላ የሆነውን ሁሉ ሰው ስለሚያውቀው አናስረዝመውም። እመቤታችን ተገለጠችለት፤ ዑራኤል ጽዋውን አጠጣው፤ አእምሮው ተከፈተ። ወዲያው ያልተማረው መጽሐፍ የለም ይባላል። ዝናውም ወደ ቤተ መንግሥት ደረሰ።

በዙፋኑ ላይ የነበረው ዐፄ ዳዊት ነበር፤ ከ1374 እስከ 1406 ዓ.ም. ድረስ ነግሧል። ጊዮርጊስ በዚያ ቤት ካህን ሆነ፤ የንጉሡንም ልጆች አስተማረ። ከእነርሱም መካከል ኋላ ዐፄ የሆነው ዘርዐ ያዕቆብ እንደነበረበት ይነገራል። እንግዲህ ፊደል እምቢ ያለው ልጅ የነገሥታት መምህር ሆነ ማለት ነው። መጻሕፍቱንም መጻፍ ጀመረ። በየደብሩ ሌሊት የሚቆመውን ሰዓታት የደረሰው እርሱ ነው፤ በሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ የሚነበበው የእመቤታችን ምስጋና አርጋኖንም የእርሱ ነው። ፍካሬ ሃይማኖትና ውዳሴ መስቀልም አሉት። ብዙ ሰው አርጋኖኑን በእጁ ይዞ እየጸለየ ደራሲው የአገሩ ሰው መሆኑን አያውቅም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያበቃ የተመቸ ታሪክ በሆነ ነበር፤ መከራ፣ ከዚያ ደስታ። ነገር ግን አላበቃም። ቢቱ የሚባል ከውጭ አገር የመጣ ሰው የንጉሡ ወዳጅ ሆኖ ነበር። ከዚህ ሰው ጋር በምሥጢረ ሥላሴ ነገር ክርክር ተነሣ፤ ጊዮርጊስም ያመነበትን በንጉሡ ፊት ሳይፈራ ተናገረ። ከንጉሥ ወዳጅ ጋር ተከራክሮ መርታት ደግሞ ሁልጊዜ አይጠቅምም። ባላጋራዎች በዙበት፤ በመጨረሻም ዐፄ ዳዊት አሰረው። የወፍጮው ጊዜ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል። ልዩነቱ፣ በፊት የታሰረው አእምሮው ነበር፤ አሁን እግሩ ነው። እኛ እንደሚመስለን ሁለተኛው ይከብዳል። ልጅ ሳሉ መናቅ አንድ ነገር ነው፤ ከተከበሩ በኋላ መዋረድ ግን ሌላ ነው።

በ1406 ዓ.ም. ዐፄ ዳዊት ሞተ፤ ልጁ ዐፄ ቴዎድሮስ ቀዳማዊ ነገሠ። ይህ ንጉሥ ጊዮርጊስን ከእስር ፈታው፤ አከበረውም። ቴዎድሮስ የነገሠው ዘጠኝ ወር ያህል ብቻ ነው። ሞቶ ወንድሙ ይስሐቅ ተተካ። እስቲ ይታሰባችሁ፤ በዚያች አጭር ዘመን ውስጥ ነው የእስረኛው በር የተከፈተው።

በዕድራችን የክርስትናም የእስልምናም ተከታዮች አብረን ስለምንኖር ይህ የእስር ነገር ሲነሣ ሁላችንም የምናስታውሰው አንድ ሰው አለ። አንዳችን ዮሴፍ እንለዋለን፣ አንዳችን ዩሱፍ። እርሱም ያለ ጥፋቱ ታስሮ፣ የረዳው ሰው ረስቶት ቆይቶ ነው የወጣው። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሶብር የሚሉትን እኛ ትዕግሥት እንለዋለን። ሆኖም በልቅሶ ቤት አንድ የምንታዘበው ነገር አለ። ሬሳው ገና ሳይወጣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው እያልን ሐዘንተኛውን ዝም ለማሰኘት እንቸኩላለን። ነገሩ እውነት ነው፤ ግን ቀድሞ ድንኳኑ ይተከል፣ ንፍሮው ይቀቀል፣ ሰውየውም ያልቅስ። ጊዮርጊስም በሥዕሏ ፊት በዕንባ ለመነ እንጂ ምንም አልሆንኩም ብሎ አልዋለም።

በዐፄ ይስሐቅ ዘመን አባ ጊዮርጊስ ትልቁን ሥራውን ጻፈ። መጽሐፈ ምሥጢር ይባላል፤ በየዘመኑ የተነሡ መናፍቃንን እየመለሰ በየበዓላቱ እንዲነበብ የተዘጋጀ ትልቅ መጽሐፍ ነው። ከቢቱ ጋር የነበረውንም ክርክር በዚሁ ውስጥ አስገብቶታል። የጨረሰው በ1416 ዓ.ም. በሰኔ ወር ሲሆን ያረፈው ደግሞ ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ነው። ይህም ማለት መጽሐፉ ካለቀ በኋላ የቆየው አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። ዕድሜው ወደ 60 ዓመት ነበር። ከእነዚያ ውስጥ ስንቱን በወፍጮና በእስር እንዳሳለፈ ስናስብ፣ ለመጻፍ የተረፈው ጊዜ ጥቂት መሆኑ ይገርማል።

በሕይወቱ ያላየው ነገርም አለ። በዚያን ዘመን ቤተ ክርስቲያኗን ከሁለት የከፈለ ጉዳይ ነበር፤ ቅዳሜ ከእሑድ ጋር ይከበር ወይስ አይከበር የሚል። ከግብፅ የሚመጡት ጳጳሳት አይከበርም ይሉ ነበር። አባ ጊዮርጊስ ሁለቱም ይከበሩ ከሚሉት ወገን ነው፤ በመጽሐፉም ተሟግቶበታል። ነገሩ ሳይቋጭ ሞተ። በዚያው ጊዜ የቀድሞው ተማሪ ዘርዐ ያዕቆብ እዚሁ ወሎ ውስጥ በግሼን አምባ ላይ ተዘግቶበት ይኖር ነበር፤ የንጉሥ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚጠበቁት በዚያ ነበርና። መምህሩ በሞተ በዘጠኝ ዓመቱ፣ በ1426 ዓ.ም.፣ ከአምባው አውርደው አነገሡት። በ1442 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተደርጎ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። አባ ጊዮርጊስ ካረፈ 25 ዓመት ሆኖት ነበር።

መጽሐፈ ምሥጢርም ቢሆን ለብዙ መቶ ዓመታት በእጅ እየተገለበጠ በየገዳሙ ተቀምጦ ኖረ። ያዕቆብ በየነ የተባሉ የአገራችን ምሁር ከጣሊያንኛ ትርጉም ጋር አዘጋጅተውት በቤልጅግ አገር በሉቫን የታተመው በ1982 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከተጻፈ 566 ዓመት ማለት ነው።

ሰዓታቱ ግን አልጠበቀም። ዛሬም ሌሊት ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ከየደብሩ በድምፅ ማጉያ ሲሰማው ያድራል። ለመጪው ሐምሌ 7 ወደ ጋሥጫ ለመሄድ ያሰባችሁ አባሎች ካላችሁ፣ ክረምት ነውና ጋቢና ዱላ አይቅር፤ የመንገዱንም ሁኔታ ቀድማችሁ ጠይቃችሁ ተነሡ። አቅም የሌላቸውን ሽማግሌዎች የሚያግዝ ወጣት አብሯችሁ ቢሄድ መልካም ነው።