ሳቅና ሞት ባንድ አፍ፤ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ታሪክ



በዚህ መጽሔት ላይ በየዓመቱ ስለ መዋጮ፣ ስለ ድንኳንና ስለ ወንበር ብዙ ይጻፋል። ተገቢም ነው። እኛ ግን ዘንድሮ ስለ አንድ ሰው ለመጻፍ አሰብን። ሰውየው የወላይታ ተወላጅ አይደሉም፤ ካረፉም ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። ይሁንና ሙያቸው የእኛን የማኅበር ሥራ የሚነካ ሆኖ አገኘነው። ዕድር ሬሳ ይቀብራል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል። አዝማሪ ደግሞ በግብዣ መካከል ሞትን በስሙ እየጠራ ሰውን ያስቃል። ሥራቸው ቢለያይም ሁለቱም ሰው ሞትን ለብቻው እንዳያስበው የሚያደርጉ ናቸው።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የተወለዱት በ1869 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያደጉትም በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አካባቢ ነው። ለዘመኑ ምልክት እንዲሆነን በ1887 ዓ.ም. የሆነውን እናስብ። ምኒልክ ወደ ወላይታ ዘምተው ካዎ ጦና የተማረኩበትን፣ አባቶቻችን እያዘኑ ያወሩልንን ዓመት ማለታችን ነው። ያን ጊዜ ተሰማ የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነበሩ። እዚህ በየጎጆው ሲለቀስ እዚያ በአዳራሹ ግብር ይበላ፣ ማሲንቆ ይመታ ነበር። ይህን የምናነሣው ለወቀሳ አይደለም። ሰውየው ከየትኛው ቤት እንደወጡ አንባቢ እንዲያውቀው ብለን ነው።

በዚያ ዘመን እንደ ዛሬው የቴአትር መድረክ የለም። የአገር ፍቅር ማኅበር እንኳ የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም. ነው። የአዝማሪ መድረኩ የግብር አዳራሹና የጠጅ ቤቱ ነበር። አዝማሪ ዘፈኑን አጥንቶ መጥቶ ብቻ አይዘፍንም። ማን እንደተቀመጠ፣ ማን እንዳኮረፈ፣ ማን ስስታም እንደሆነ ያያል። ከዚያ እዚያው ግጥም ይፈጥራል። ላይ ላዩን ሲሰሙት ሙገሳ ነው፤ ውስጡን ሲፈቱት ግን ወቀሳ ይገኝበታል። ይኸው እንግዲህ ሰምና ወርቅ የሚባለው ነው። የተነካው ሰው ቢቆጣ ነገሩን አመነ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ ቀድሞ ይስቃል። ተሰማ በዚህ ሙያ የተካኑ፣ በቅኔያቸውና በቀልዳቸው ስማቸው የተጠራ ሰው ነበሩ።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ሳቅ መካከል ሞት ከየት መጣ? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። የአዝማሪን ዘፈን ልብ ብሎ የሰማ ሰው ያውቀዋል። ጠጁ ሲሞቅና ጨዋታው ሲደምቅ አዝማሪው ድንገት ስለ አፈር፣ ስለ አላፊው ዓለም፣ ትናንት እዚህ ተቀምጦ ስለነበረና ዛሬ ስለሌለ ሰው ያነሣል። አዳራሹ ጸጥ ይላል። ወዲያው ደግሞ ቀልድ ያስከትላል፤ ሰዉ ይፈነዳል። ጌታውን በሌላ ነገር ቢነካው ሊገረፍ ይችላል። ትሞታለህ ብሎ ቢዘፍንበት ግን ማን ይቆጣዋል? ነገሩ እውነት ነዋ! ለጌታውም ለሎሌውም እኩል እውነት ነው። ሳቁ መድኃኒቱን የሚያስውጥ ማር ነው ማለት ይቻላል።

በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን አውቶሞቢሎች ባዩበት ጊዜ፣ አርኖልድ ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ተሰማ የመኪና ሥራ እንዲማሩ ከእሱ ጋር ወደ ጀርመን አገር ተላኩ። እንግዲህ ለመኪና ተልከው በድምፅ ታወቁ። ከ1900 እስከ 1902 ዓ.ም. ባለው ጊዜ እዚያው ጀርመን አገር ዘፈናቸው በሸክላ ተቀረጸ። ከዚያ በፊት ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት መልእክት በድምፅ መቅረጫ ተቀድቶ ነበር። በሸክላ የወጣ የኢትዮጵያ ዘፈን ግን የተሰማ የመጀመሪያው መሆኑ ይታወቃል።

አቀራረጹን ለወጣቶቻችን እንግለጽ። ያን ጊዜ ማይክሮፎን የለም። ዘፋኙ አንድ ትልቅ የቆርቆሮ ጡሩምባ ፊት ለፊት ይቆማል። በጡሩምባው ጠባብ ጫፍ ላይ በስሱ የተወጠረ ነገር አለ፤ ድምፁ እሱን ሲያንቀጠቅጠው መርፌው በሰም ላይ ይጭራል። ከዚያ ሰም ቅርጹ ተወስዶ ሸክላው ይባዛል። አንዱ የሸክላ ፊት የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጮክ ብሎ መዝፈን፣ ቶሎም መጨረስ ያስፈልጋል። አስቡት እንግዲህ! የተመልካቹን ፊት እያየ ቀልድ የሚፈጥር ሰው ባዕድ አገር ቆሞ ለጡሩምባ ሲዘፍን። አይዞህ የሚልም፣ የሚስቅም፣ ጠጅ የሚያቀብልም የለም። ሰሚዎቹ ገና ያልተወለዱ ሰዎች ናቸው። ከነሱም መካከል እኛ አለንበት።

አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ተሰማ የልጅ ኢያሱ ወዳጅ ሆኑ፤ ነጋድራስም ተባሉ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ፣ ቀረጥ የሚቆጣጠር ሹም ነው። ልብ በሉ፣ በዚያ ዘመን አዝማሪ የሚለው ቃል እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር። ጨዋ ሰው ያዳምጣል እንጂ አይዘፍንም ይባል ነበር። እሳቸው ግን ሹመቱንም ማሲንቆውንም ባንድ እጅ ያዙ።

የሹመት ነገር ግን አላፊ ነው። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ተሻሩ። በጌታው የቆመ በጌታው ይወድቃልና ለተሰማም ሹመቱ ቀረ፣ ግዞት መጣ። ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. የተወለዱት ከእኛ ከኦሞ ማዶ ጅማ ላይ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1910 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ልጅ ኢያሱም እንደታሰሩ በ1928 ዓ.ም. ሞቱ። በአዳራሹ ውስጥ ማሲንቆ ሲሰሙ የነበሩ ሁሉ አንድ ባንድ ሄዱ። ስለ ሞት ሲዘፈን ስቀው የነበሩት ታላላቆች ሁሉ አፈር ለበሱ። የቀረው ባለማሲንቆው ነበር። እሳቸውም የጣልያንን ወረራ አልፈው፣ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሰማንያ ሰባት ዓመት ሞልቷቸው ዐረፉ።

ስማቸውን ልጃቸው አስጠሩላቸው። አቶ ይድነቃቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ኳስ ተጫዋች፣ በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የቡድኑ አሠልጣኝ፣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ ነሐሴ 1979 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። የአባታቸውንም ግጥም ሰብስበዋል፤ ሰምና ወርቅ በሚል ስም በመጽሐፍ ወጥቷል። ሸክላዎቹም ከተቀረጹ መቶ ዓመት ሲሞላቸው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ እንደገና በሲዲ አሳትሟቸዋል። የነጋድራስነቱን ደብዳቤ ዛሬ የሚፈልገው የለም። ድምፁን ግን ሰው ይሰማዋል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ በሥራ ዘመናችን መዝገብ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ስለሆንን ነገሩን ከመዝገብ አንጻር አየነው። በየዕድሩ መዝገብ ላይ የሟች ስም አለ፣ ቀን አለ፣ ለቤተሰቡ የተከፈለው ገንዘብ አለ። የተለቀሰበት ቃል ግን የለም። በወላይታ ትልቅ ሰው ሲሞት በለቅሶው ሜዳ ላይ ጎሳው እየተቆጠረ፣ ሥራው እየተነሣ በወላይትኛ የሚለቀሰው ለቅሶ ግጥም ነው እኮ! አዛውንቶቻችን እዚያው ነው የሚፈጥሩት፣ እንደ አዝማሪው። ማታ ደግሞ በድንኳኑ ውስጥ ካርታ ሲጫወቱ የሚያመሹትን የሚያስቅ፣ ሐዘንተኛውን እንኳ ፈገግ የሚያሰኝ አንድ ሰው በየሠፈሩ አይጠፋም። ያን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እሱ የሞተ ዕለት ግን ማን ያስቃል? ቀልዱንስ ማን ይነግራል?

ባሁኑ ጊዜ በጡሩምባ ፊት መቆም፣ ጀርመን አገርም መሄድ አያስፈልግም። በየልጆቻችን ኪስ ውስጥ ድምፅ የሚቀርጽ ስልክ አለ። ስለሆነም የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የዕድራችን ኮሚቴ አንድ ሁለት ወጣቶች ይመድብ። የሐዘንተኛው ቤተሰብ ሲፈቅድ፣ ሲፈቅድ ብቻ፣ የአዛውንቶቹ ለቅሶ ይቀረጽ። የጨዋታ አዋቂዎቹ ቀልድም በደኅና ቀን፣ ለምሳሌ በጊፋታ ሰሞን፣ ተጠይቀው ይቀረጽ። ማን እንዳለው፣ ለማን እንደተባለ፣ ቀኑም ጭምር በመዝገብ ይጻፍ። ስምና ቀን የሌለው ድምፅ ከጥቂት ዓመት በኋላ የማን እንደሆነ አይታወቅምና።

ወጪው ከአንድ ድንኳን ኪራይ አይበልጥም። አዛውንቶቻችን ግን አይጠብቁንም። ባለፈው ዓመት ከእኛ ጋር ተቀምጠው ሲያስቁን ከነበሩት መካከል ዘንድሮ የሌሉ አሉ። ነፍሳቸውን ይማር። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አባላት ሐሳቡን መርምራችሁ እንድትወስኑበት በትሕትና እንጠይቃለን።