ክላይቭ ሱሊቫን፡ ሁለት ጎራዎች የሚጋሩት አምበል

ሃል በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት፡፡ የእግር ኳስ ወዳጅ የሆነ አንባቢ በሃል ሲቲ ክለብ ሳያውቃት አይቀርም፡፡ ከምዕራብ በኩል በመኪና ወደ ከተማዋ የሚገባ ሰው፣ ከታዋቂው የሃምበር ድልድይ አንስቶ ወደ መሀል ከተማ የሚጓዘው በአንድ ሰው ስም በተሰየመ አውራ ጎዳና ላይ ነው፡፡ ሰውየው ንጉሥ አልነበረም፡፡ የጦር ጄኔራልም፣ ባለፋብሪካም፣ ከንቲባም አልነበረም፡፡ የሃል ተወላጅ እንኳ አልነበረም፡፡ ከዌልስ የመጣ ጥቁር የራግቢ ተጫዋች ነበር፡፡ ስሙ ክላይቭ ሱሊቫን ይባላል፡፡

ራግቢ በአገራችን ብዙ ተከታይ የለውም፡፡ እኔም የጨዋታው ሊቅ ነኝ አልልም፡፡ የዚህን ሰው ሕይወት እንዳነሳ ያደረገኝ ስፖርቱ ብቻ ሳይሆን፣ ሕግ የተማረ ሰው ደጋግሞ የሚገጥመው አንድ ጥያቄ ነው፡፡ ሰውን ከበር የሚመልሰው የተጻፈው ደንብ ነው ወይስ ያልተጻፈው? (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ 1895 መመለስ ያስፈልጋል፡፡ በዚያን ዘመን በሰሜን እንግሊዝ ራግቢ ከሚጫወቱት ብዙዎቹ የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች፣ የወደብና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ፡፡ ለመጫወት ከሥራ የቀረ ሠራተኛ የዕለት ደመወዙን ያጣ ነበር፡፡ የሰሜን ክለቦች ይህን የጎደለ ደመወዝ እናካክስ ብለው ሲጠይቁ፣ የራግቢ ዩኒየን ማኅበር ጨዋታው የአማተሮች ነው፣ ክፍያ አይታሰብም ሲል ከለከለ፡፡ ደንቡ ላይ ላዩን ሲያዩት ሁሉንም እኩል የሚዳኝ ይመስላል፡፡ ሀብታሙም ድሃውም ገንዘብ አይቀበልም፡፡ ነገር ግን ሀብታሙ መጀመሪያውኑ ክፍያው አያስፈልገውም፡፡ በቃሉ እኩል የሆነ ደንብ በውጤቱ አድሏዊ የሚሆነው እንዲህ ነው፡፡

ኦገስት 29 ቀን 1895 በሃደርስፊልድ ከተማ፣ ጆርጅ ሆቴል ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ከ20 በላይ የሆኑ የሰሜን ክለቦች ተገንጥለው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፡፡ ከመሥራቾቹ አንዱ ሃል ኤፍሲ ነበር፡፡ ዛሬ ራግቢ ሊግ የሚባለውና በአንድ ቡድን 13 ተጫዋቾች የሚሰለፉበት ጨዋታ መነሻው ይኸው መገንጠል ነው፡፡

አዲሱ ማኅበር ብዙም ሳይቆይ ቻሌንጅ ካፕ የተባለውን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ጀመረ፡፡ የመጀመሪያው ፍጻሜ በ1897 በሊድስ ከተማ ተደርጎ ባትሊ ሴንት ሄለንስን 10 ለ 3 አሸነፈ፡፡ በ1929 ፍጻሜው ወደ ለንደኑ ዌምብሌይ ተወሰደ፡፡ ከዚያ በኋላ ለሰሜኑ ሠራተኛ ዌምብሌይ መውረድ ዓመት በዓል ማለት ሆነ፡፡ ለዚህ ጉዞ ዓመቱን ሙሉ ሳንቲም የሚያጠራቅም ደጋፊ ጥቂት አልነበረም፡፡

ዩኒየኑ በበኩሉ የተገነጠሉትን ይቅር አላለም፡፡ ከሊግ ክለብ ጋር ስሙ የተነሳ፣ ለሙከራ ብቻ እንኳ የተሰለፈ ተጫዋች ከዩኒየን ራግቢ ለዕድሜ ልክ ሊታገድ ይችል ነበር፡፡ ይህ የተጻፈው ደንብ ነው፡፡ ከጎኑ ያልተጻፈ ሌላ ደንብ ነበር፡፡ በዌልስ ራግቢ ዩኒየን የሕዝቡ መለያ ነው፡፡ የዋና ከተማዋ የካርዲፍ የወደብ ሰፈሮች ደግሞ ከብዙ አገር የመጡ ሰዎች ልጆች የሚያድጉባቸው ነበሩ፡፡ ሆኖም የዌልስ የዩኒየን ብሔራዊ ቡድን እስከ 1980ዎቹ ድረስ አንድም ጥቁር ተጫዋች አላሰለፈም፡፡ እንዲህ ይሁን የሚል አንቀጽ በየትኛውም መተዳደሪያ ደንብ ላይ አይገኝም፡፡ አለመገኘቱ ነው ጉልበቱ፡፡ የተጻፈ ደንብ ክፉም ቢሆን አንቀጹ ተጠቅሶ ይሞገታል፣ ይሻሻላል፣ ይሻራል፡፡ ያልተጻፈውን ግን የት ቦታ ይሰርዙታል?

ስለዚህ ከካርዲፍ ወደ ሰሜን የሚሰደዱ ጥቁር ተጫዋቾች ተበራከቱ፡፡ ከእነሱ መካከል ስመ ጥሩ በ1953 ወደ ዊጋን የሄደው ቢሊ ቦስተን ነው፡፡ ሱሊቫንም የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው፡፡

ክላይቭ ሱሊቫን ኤፕሪል 9 ቀን 1943 ስፕሎት በተባለው የካርዲፍ ሰፈር ተወለደ፡፡ በልጅነቱ በጡንቻ ችግር ምክንያት እግሮቹ በተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፡፡ ሐኪሞቹ ይህ ልጅ ስፖርተኛ መሆኑ ይቅርና እንደ ሰው በወጉ መራመዱንም ተጠራጥረው ነበር፡፡ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ጥቂት እንደሠራ በ17 ዓመቱ ገደማ ውትድርና ተቀጠረና በሰሜን እንግሊዝ በሚገኘው የካተሪክ ጦር ሰፈር በመገናኛ ክፍል ተመደበ፡፡ ራግቢ መጫወት የሚችል መሆኑ እንደገና የታወቀው እዚያ ነው፡፡

መጀመሪያ ሙከራ ያደረገው ለብራድፎርድ ኖርዘርን ክለብ ነበር፤ አልተቀበሉትም፡፡ በ1961 መጨረሻ ሃል ኤፍሲ ዕድል ሰጠውና ከብራምሊ ጋር በተደረገ ጨዋታ ተሰለፈ፡፡ በዝርዝሩ ላይ ግን ስሙ አልተጻፈም፡፡ የዩኒየኑ ቅጣት ስለሚያሰጋ የሙከራ ተጫዋች በድብቅ ስም መሰለፉ የተለመደ ነበር፡፡ ያ ስም የለሹ የ18 ዓመት ወታደር በዚያ ቀን ሦስት ትራይ አስቆጠረ፡፡ ትራይ ማለት ኳሷን ይዞ ከተጋጣሚ የግብ መስመር አልፎ መሬት ማስነካት ነው፡፡ ክለቡም ጊዜ ሳያጠፋ አስፈረመው፡፡

ሕይወቱ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም፡፡ በ1963 ከሞት ለጥቂት የተረፈበት የመኪና አደጋ ደረሰበት፤ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ወደ ሜዳ ተመለሰ፡፡ ጉልበቱም በተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፡፡ ይህም ሆኖ በክንፍ ተጫዋችነቱ የሚደርስበት አልተገኘም፡፡ በ1968 ከዶንካስተር ጋር በተደረገ አንድ ጨዋታ ብቻ ሰባት ትራይ አስቆጥሯል፡፡ ለሃል ኤፍሲ በ352 ጨዋታዎች 250 ትራይ አስመዝግቧል፡፡ ከ1967 ጀምሮም ለታላቋ ብሪታንያ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፏል፡፡

በ1972 የብሪታንያ ራግቢ ሊግ መሪዎች የብሔራዊ ቡድኑን አምበልነት ለሱሊቫን ሰጡት፡፡ በየትኛውም የስፖርት ዓይነት የብሪታንያን ብሔራዊ ቡድን በአምበልነት የመራ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ተብሎ የሚጠቀሰው እሱ ነው፡፡ የዚህን ክብደት ለመመዘን ለእኛ የሚቀርበውን እግር ኳስ እንመልከት፡፡ ቪቭ አንደርሰን ለእንግሊዝ ዋናው ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች የሆነው በ1978 ነው፡፡ ፖል ኢንስ የመጀመሪያው ጥቁር አምበል የሆነው ደግሞ በ1993 ነው፡፡ ሱሊቫን ከኢንስ በ21 ዓመት ይቀድማል፡፡

አንድን ሰው ማሰለፍና አምበል ማድረግ አንድ አይደሉም፡፡ ፈጣን እግር ያለውን ሰው ማሰለፍ ለክለቡ ጥቅም ነው፤ ገቢ ያመጣል፣ ግብ ያስቆጥራል፡፡ አምበል ሲደረግ ግን ሌሎቹ ቃሉን እንዲሰሙ ይጠበቃል፡፡ ከዳኛው ጋር የሚነጋገረው፣ ዋንጫውን ቀድሞ የሚያነሳው፣ በአገሩ ስም የሚቆመው እሱ ነው፡፡ ብዙ ተቋማት ጉልበትህን ስጠን ለማለት አይቸገሩም፤ ምራን ለማለት ግን ትውልድ ይፈጅባቸዋል፡፡

በዚያው ዓመት መጨረሻ የዓለም ዋንጫ በፈረንሳይ ተካሄደ፡፡ ሱሊቫን ብሪታንያ ባደረገቻቸው አራት ጨዋታዎች በእያንዳንዳቸው ትራይ አስቆጥሯል፡፡ ፍጻሜው ኖቬምበር 11 ቀን 1972 በሊዮን ከአውስትራሊያ ጋር ነበር፡፡ ተመልካቹ 5 ሺሕ እንኳ አልሞላም፡፡ አውስትራሊያ እየመራች ሳለ አምበሉ በራሱ ሜዳ ላይ ያገኛትን ኳስ ይዞ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሊያካልል ምንም ያህል ሳይቀረው ሮጠና አስቆጠረ፡፡ የተከተለው ሁሉ ጀርባውን ከማየት በስተቀር ያደረገው ነገር የለም፡፡ ጨዋታው በተጨማሪ ሰዓትም 10 ለ 10 ተጠናቀቀ፡፡ በምድብ ግጥሚያዎች ብሪታንያ የተሻለ ውጤት ስለነበራት ዋንጫው ለእሷ ተሰጠ፤ ያነሳውም ሱሊቫን ሆነ፡፡ ከዚያ ወዲህ እስከ 2022ቱ ውድድር ድረስ ብሪታንያም ሆነች እንግሊዝ ይህን ዋንጫ ደግመው አላገኙትም፡፡ እሱም በ1974 የኤምቢኢ ኒሻን ተሸለመ፡፡

በዚያው በ1974 ብዙዎችን ያስደነገጠ ነገር አደረገ፡፡ ከሃል ኤፍሲ ወደ ከተማው ሌላ ክለብ፣ ወደ ሃል ኪንግስተን ሮቨርስ ተዛወረ፡፡ በአንድ ከተማ የሚኖሩ የሁለት ክለቦች ደጋፊዎች ምን እንደሚመስሉ ለአዲስ አበባ አንባቢ መንገር አያስፈልግም፡፡ ሃልን የሃል ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል፡፡ ምዕራቡ የጥቁርና ነጭ ለባሹ የሃል ኤፍሲ ነው፤ ምሥራቁ የቀይና ነጭ ለባሹ የሮቨርስ ነው፡፡ ድንበሩን የተሻገረ ተጫዋች ከአንዱ ወገን ስድብ አይቀርለትም፡፡ ሱሊቫን ግን ለሮቨርስ በ213 ጨዋታዎች 118 ትራይ አስቆጥሮም የምዕራቡን ወገን ፍቅር አላጣም፡፡ ለሁለቱም ክለቦች ከመቶ በላይ ትራይ ያስቆጠረ ሌላ ተጫዋች የለም፡፡

ሜይ 3 ቀን 1980 ደግሞ ሁለቱ ክለቦች በቻሌንጅ ካፕ ፍጻሜ ዌምብሌይ ላይ ተገናኙ፡፡ ጊዜው ለከተማዋ ክፉ ጊዜ ነበር፡፡ ከአይስላንድ ጋር በዓሣ ማጥመጃ ውኃ ይገባኛል የተደረገው ክርክር በ1976 በብሪታንያ ሽንፈት ካበቃ ወዲህ የሃል የባሕር ዓሣ ሥራ እየከሰመ ነበር፡፡ በዚያ ቀን ግን 95 ሺሕ ሰው በስታዲየሙ ታደመ፡፡ ከተማዋ ባዶዋን ስለቀረች፣ በመውጫው አውራ ጎዳና ላይ አንድ ቀልደኛ መጨረሻ የሚወጣው ሰው መብራቱን እንዲያጠፋ የሚያሳስብ ጽሑፍ ሰቅሎ እንደነበር እስከ ዛሬ ይወራል፡፡ የሮቨርሱ አምበል ሮጀር ሚልዋርድ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መንጋጋው ተሰብሮ እስከ መጨረሻው ተጫወተ፡፡ ሮቨርስ 10 ለ 5 አሸንፎ በታሪኩ የመጀመሪያውን ቻሌንጅ ካፕ ወሰደ፡፡ ሱሊቫን በ37 ዓመቱ በክንፍ ቦታው ተሰልፎ ነበር፡፡

ከዚያም በኦልድሃም ክለብ ቆይቶ ወደ ቀድሞ ቤቱ ወደ ሃል ኤፍሲ ተመለሰ፡፡ በ1982 ሃል ኤፍሲ ለፍጻሜ ደርሶ ዌምብሌይ ላይ ከዊድነስ ጋር 14 ለ 14 ተለያየ፡፡ ድጋሚው ጨዋታ በሊድስ ኤላንድ ሮድ ሲደረግ፣ በመጀመሪያው ግጥሚያ ያልተሰለፈው ሱሊቫን ተጠራ፡፡ ዕድሜው 39 ነበር፡፡ ሃል ኤፍሲ 18 ለ 9 አሸነፈ፡፡ ክለቡ ይህን ዋንጫ ሲያገኝ ከ1914 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር፡፡ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው የከተማዋን ሁለቱንም ወገኖች ደስታ ተካፈለ፡፡

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፡፡ ካንሰር ያዘውና ኦክቶበር 8 ቀን 1985 በ42 ዓመቱ አረፈ፡፡ ከተማዋም ብዙ ሳትቆይ ኤ63 የተባለውን አውራ ጎዳና ወደ መሀል ከተማ የሚያስገባውን ክፍል በስሙ ሰየመችው፡፡ ሁለቱ ክለቦች ሲገናኙ አሸናፊው የሚወስደው መታሰቢያ ዋንጫም በስሙ ተጠራ፡፡

የተጻፈው ደንብ በመጨረሻ ተሽሯል፡፡ ራግቢ ዩኒየን ክፍያን የፈቀደው በ1995፣ መገንጠሉ በሆነ ልክ በ100 ዓመቱ ነው፡፡ የሱሊቫን ልጅ አንተኒ ከሴንት ሄለንስ ጋር በ1996 እና በ1997 ቻሌንጅ ካፕን ካሸነፈ በኋላ፣ በ2001 ለዌልስ የዩኒየን ብሔራዊ ቡድን ተሰልፏል፡፡ ለአባቱ ዝግ የነበረው በር ለልጁ ተከፈተ፡፡ ያልተጻፈው ደንብ ግን የተሻረበት ቀን የለም፡፡ ካርዲፍ ለሱሊቫን፣ ለቢሊ ቦስተንና ለጋስ ሪስማን ሐውልት ያቆመችው በ2023 ነው፡፡ ቦስተንም የሰርነት ማዕረግ የተሰጠው በ2025 ነው፤ በራግቢ ሊግ ታሪክ የመጀመሪያው ሆነ፡፡ ሃል በ1985 ያወቀችውን ዕዳ የተወለደበት ከተማ ለመክፈል 38 ዓመት ፈጅቶባታል፡፡

በ2025 ሮቨርስ ዌምብሌይ ላይ ዋሪንግተንን 8 ለ 6 አሸንፎ ቻሌንጅ ካፕን ለሁለተኛ ጊዜ ወሰደ፡፡ ከ1980 ወዲህ 45 ዓመት መሆኑ ነው፡፡ ደጋፊዎቹ በመኪና ወደ ለንደን ሲወርዱም ሆነ ዋንጫውን ይዘው ሲመለሱ የሚያልፉት በዚያው ጎዳና ነው፡፡ የምዕራቡ ሰፈር ሰዎች ተራቸው ሲደርስ የሚሄዱትም በእሱው ላይ ነው፡፡ በ1980 ያ ቀልደኛ ጽሑፉን ሰቀለበት የሚባለው መንገድ ዛሬ የክላይቭ ሱሊቫን ጎዳና ይባላል፡፡